ከአሌክሳንድሪያ እስከ ዳላስ፦ የድሮ ሬስሊንግ ቀጠናዎችን ፍለጋ

ጓደኛዬ ሥራ አግኝቶ ከቨርጂኒያ ወደ ዳላስ ሊዛወር ሆነ። ዕቃውን ጭነት መኪና ወሰደለት። የቀረችው 180 ሺህ ማይል የሮጠች ካምሪው ብቻ ናት። "ብቻዬን ነድቼ አልዘልቀውም፣ ና አግዘኝ፤ የመመለሻ አውሮፕላን በእኔ" አለኝ። መስመሩን እኔ የምመርጥ ከሆነ እሺ አልኩት። ሳያስብበት ተስማማ። በኋላ ሳይቆጨው አልቀረም።

ሁለታችንም አዲስ አበባ፣ አንድ ሰፈር ነው ያደግነው። ሬስሊንግን ያወቅነው ቪዲዮ ቤት ነው። 50 ሳንቲም ከፍለን አግዳሚ ላይ ተጣበን እንቀመጣለን። በሩ ላይ በጠመኔ "ዛሬ 8 ሰዓት ሬስሊንግ" ተብሎ ይጻፋል። እንደማንኛውም ፊልም አክተር አለ፣ ቦስ አለ። አክተሩ ተደብድቦ፣ ተደብድቦ፣ መጨረሻ ላይ ይነሳል። ከዚያ እኛ ሜዳ ወጥተን እርስ በርስ እንወራወራለን። የስንቱ ክንድ ወለቀ መሰላችሁ።

እነዚያ ሰዎች ከየት እንደመጡ ያኔ የጠየቀ የለም። እኔም የጠየቅሁት እዚህ አገር ገብቼ ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። እኛ ያየነው ሁሉንም የዋጠውን አንዱን ኩባንያ ነበር። ከእሱ በፊት ግን አሜሪካ ውስጥ እያንዳንዱ አካባቢ የራሱ ሬስሊንግ፣ የራሱ አክተር፣ የራሱ ቦስ ነበረው። ያንን አገር በመኪና ማየት አማረኝ።

("ታጋይ" ብዬ ልጽፍ ነበር። ግን ለእኛ ሰው ታጋይ ሲባል የሚታየው ሌላ ነው። ስለዚህ "ሬስለር" ልበል። ዓመተ ምሕረቶቹም ወሮቹም ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ሐሙስ፦ ግሪንስቦሮና ሻርሎት

ከአሌክሳንድሪያ ንጋት ላይ ወጣን። እስከ ሪችመንድ ያለውን መጨናነቅ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ እዘለዋለሁ። ኖርዝ ካሮላይና ስንገባ ግሪንስቦሮ ላይ ቤንዚን ቀዳን።  እግረ መንገዴን ኮሊሲየም የሚባለውን ትልቅ አዳራሽ ላሳየው ብዬ መሪውን ጠመዘዝኩት። በ1983 የምስጋና ቀን ምሽት ስታርኬድ የተባለው ትልቅ ዝግጅት የተደረገው እዚህ ነው። ሪክ ፍሌር በብረት አጥር ውስጥ ሃርሊ ሬስን አሸንፎ የሻምፒዮንነት ቀበቶውን ወሰደ። አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። በሌሎች ከተሞችም ሕዝቡ አዳራሽ እየተከራየለት በስክሪን ተከታትሎታል። ባለመኪናው ከመኪናው አልወረደም። "ግድግዳ ነው" አለኝ።

ሻርሎት የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። 79 ዶላር ሞቴል። ምንጣፉ የሲጋራ ሽታ አለው፤ ሻወሩ ግን የሚቃጠል ውሃ ስላለው ይቅር ብለነዋል።

ይህ የክሮኬት ቤተሰብ ከተማ ነው። አባትየው ጂም ክሮኬት በ1935 እዚህ ሬስሊንግ ማዘጋጀት ጀመረ። በ1973 ሲሞት ልጁ ወረሰው። ኢንዲፔንደንስ ጎዳና ላይ ያለው ባለ ጉልላቱ የድሮ ኮሊሲየም አሁንም ቆሟል። ስሙ ዛሬ የጥብስ ዶሮ ቤት ስም ነው።

አሠራሩን ለባለመኪናው ያስረዳሁት ራት ላይ ነው። የአዲስ አበባን ሚኒባስ ለሚያውቅ ሰው ቀላል ነው። ነገሩ የታክሲ ቀጠና ነው። የመገናኛ ታክሲ ሜክሲኮ ሄዶ ልጫን ቢል ምን እንደሚገጥመው ይታወቃል። በ1948 አይዋ ውስጥ ዋተርሎ በምትባል ከተማ አዘጋጆች ተሰብስበው ናሽናል ሬስሊንግ አሊያንስ የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። አገሩን ተከፋፈሉት። ካሮላይናዎች የክሮኬት፣ ሴንት ሉዊስ የሳም ማችኒክ፣ ፖርትላንድ የዶን ኦወን፣ ሌላውም እንደዚሁ። አንዱ በሌላው ቀጠና አይጭንም። ከሃያ በላይ ቀጠናዎች ነበሩ።

አንድ የጋራ ሻምፒዮን አላቸው፤ በየቀጠናው ያዞሩታል። ቀበቶውን ይዞ እንዳይጠፋ መያዣ ብር ያስይዛል። መጥቶ ከከተማው ጀግና ጋር ይገጥማል። ጀግናው ሊያሸንፍ አንድ ሐሙስ ሲቀረው ሰዓቱ ያልቃል። ሕዝቡ "የእኛ ልጅ ሊወስደው ነበር እኮ" እያለ ወደ ቤቱ ይገባል። ሻምፒዮኑ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደሚቀጥለው ቀጠና።

ማኅበሩ ቅዱስ ነበር እያልኩ አይደለም። ያስቸገረ ሬስለር በየትኛውም ቀጠና ሥራ እንዳያገኝ ይደረጋል። መንግሥት ራሱ "ይህ ገበያ መቆጣጠር ነው" ብሎ ይዟቸው በ1956 ስምምነት አስፈርሟቸዋል። ፈረሙ፤ ሥራቸውንም ቀጠሉ።

አክተርና ቦስ አብረው መታየት ክልክል ነው። አንድ መኪና ውስጥ አይገቡም፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ አይበሉም። ሕዝቡ እውነት ነው ብሎ ነዋ የሚከፍለው። ለዚህ ሚስጥር "ኬይፌብ" የሚባል የራሳቸው የአራዳ ቃል አላቸው።

በጥቅምት 1975 ከሻርሎት የተነሳች ትንሽ አውሮፕላን ዊልሚንግተን ልትደርስ ስትል ነዳጅ ጨርሳ ወደቀች። የ26 ዓመቱ ሪክ ፍሌር ጀርባው ተሰበረ። ጆኒ ቫለንታይን ከዚያ ወዲያ ሪንግ ላይ አልቆመም። አብራሪው ቆይቶ ሞተ። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ደግሞ ቲም ዉድስ ነበር። እሱ አክተር ነው፤ አብረውት የተሳፈሩት እነ ፍሌርና ቫለንታይን ቦሶች ናቸው። ይህ ከታወቀ ጉድ ፈላ። ስለዚህ ሆስፒታል ሲገባ በሪንግ ስሙ ሳይሆን በሌላ ስም ተመዘገበ፣ ሥራውንም አዘጋጅ ነኝ አለ። ሕዝቡ እንዳይጠረጥርም ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ሪንግ ላይ ወጣ። ከአውሮፕላን ወድቆ!

ባለመኪናው ሹካውን አስቀመጠ። "ለምን ትነግረኛለህ ግን?" አለኝ። "ምኑን?" "ድራማ መሆኑን።" አርባ ዓመት ካለፈው ሰው ይህን እሰማለሁ ብዬ አልጠበቅሁም።

ዓርብ፦ አትላንታ

አራት ሰዓት መንገድ። ሳውዝ ካሮላይና ላይ የመንገድ ሥራ ነበር እንጂ ሌላ የሚወራ የለም።

አትላንታ መሀል፣ ኮርትላንድና ጊልመር ጥግ ላይ አሮጌ ሕንፃ አለ። ዛሬ የጆርጂያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። ድሮ የከተማው አዳራሽ ነበር፤ በየዓርቡ ማታ ሬስሊንግ ይታይበታል። እኛም የደረስነው ዓርብ ነው። ተማሪዎች የጆሮ ማዳመጫ ሰክተው ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ፓርኪንግ ለአንድ ሰዓት 12 ዶላር። ባለመኪናው አሁንም አልወረደም፤ ይህን ጊዜ ግን ምክንያቱ የፓርኪንጉ ዋጋ ነው።

አትላንታን ከሌሎቹ የለያት ቴሌቪዥን ነው። ቴድ ተርነር የምትባክን ትንሽ ጣቢያ ነበረችው። በታኅሣሥ 1976 ሳተላይት ላይ ሰቀላት። የጆርጂያ ቀጠና ሬስሊንግ በአንድ ጊዜ አላስካ ካለ ሰው ሳሎን ገባ። ቅዳሜ ምሽት 12 ሰዓት ከ5 ላይ ይጀምራል፣ በእኛ አቆጣጠር። አምስቷ ደቂቃ የተርነር ብልጠት ናት፤ ጋዜጣው የፕሮግራም ዝርዝር ላይ ለብቻው መስመር እንዲያገኝ ነው።

ቀጠናውን የገደለው ይሄ ይመስለኛል። አንድ ሬስለር አንድ ከተማ ላይ ሲሰለች "ተሸናፊ ከተማውን ይልቀቅ" የሚባል ግጥሚያ ያደርጉለታል። ይሸነፋል፣ ሰው እያለቀሰ ይሸኘዋል። በሳምንቱ ሺህ ማይል ርቆ በሌላ ስም አዲስ ሰው ሆኖ ይገባል። አክተር የነበረው ቦስ ሆኖ። ሁለቱ ከተሞች አይተዋወቁምና ማንም አያውቅም። ሁሉም ሰው ሁሉንም ቀጠና ማየት ሲጀምር ግን የት ይሸሻል?

ቪንስ መክማን ይህ ገባው። በ1982 የሰሜን ምሥራቁን ኩባንያ፣ ያንን እኛ ያየነውን፣ ከአባቱ ገዛ። ከዚያ የታክሲ ቀጠናውን ሕግ ጣሰ። በየከተማው ያሉ ጣቢያዎችን እየከፈለ የራሱን ፕሮግራም አስገባ። ሃልክ ሆጋንን ከሚኒያፖሊስ ወሰደ፣ ሌሎቹንም ከየቀጠናው ለቀማቸው። በሐምሌ 14፣ 1984 የአትላንታ ሰው ቅዳሜ ምሽት ቴሌቪዥኑን ሲከፍት የሚያውቃቸው ሬስለሮች የሉም። ድምፁን የለመዱት አስተዋዋቂ ጎርደን ሶሊ የለም። መክማን ቆሟል፤ አክሲዮኑን ገዝቶት ነበር። ሰዉ ለጣቢያው እየደወለ ተቆጣ። ቀኑ እስከዛሬ "ጥቁሩ ቅዳሜ" ይባላል።

ለራት ክላርክስተን ሄድን። ጾም ስለሆነ በየአይነቱ አዘዝን፤ 17 ዶላር። ሽሮው ጥሩ ነው፣ እንጀራው ግን ከአሌክሳንድሪያው ጋር አይወዳደርም፤ ይህን ስል የሚቀየመኝ የአትላንታ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ያደርነው እዚያው አካባቢ ባለመኪናው የሚያውቃቸው አንዲት እናት ቤት ነው። ለምን በዚህ ዙሪያ ጥምጥም እንደምንሄድ ጠየቁን። ነገርናቸው። "እነዚያ ወንበር የሚወራወሩት?" አሉ። "አዎ እማማ።" ዝም ብለው ቡና አቀረቡልን። ጠዋት አምባሻ ጠቅልለው ሰጡን።

ቅዳሜ፦ ቱፔሎ፣ ሳናስበው

በዕቅዱ መሠረት ቅዳሜ ቀጥታ ሜምፊስ ነበርን። በርሚንግሃምን አልፈን፣ ሚሲሲፒ ገብተን፣ የኋላ ቀኝ ጎማ ፈነዳ።

ዳር ይዘን ቆምን። ጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ካምሪዋ ትወዛወዛለች። ክሪኩ አለ፣ ስኮርታውም አለ። ብሎኖቹ ግን ዝገው እምቢ አሉ። ባለመኪናው ቁልፉ ላይ በሁለት እግሩ ቆሞ ዘለለ። አንዱ ተፈታ። ደግሞ ዘለለ። አምስቱንም እንዲሁ በዝላይ ፈታ። የቪዲዮ ቤቱን ልጅ ያየሁት ያኔ ነው።

በቀጭኗ ስኮርታ እያዘገምን ቱፔሎ ዳርቻ ያለ ጎሚስታ ጋ ደረስን። ባለቤቱ ዕድሜው ስልሳ የተጠጋ ነጭ ነው። ያገለገለ ጎማ ከእነ ሥራው 65 ዶላር አለ። ከፈልኩ፤ ባለመኪናው ካርዱን ሻንጣ ውስጥ ቀብሮታል። ጎማው ሲገጠም ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀን። ለሬስሊንግ ሜምፊስ ስለው የያዘውን አስቀመጠ።

ለካ ቱፔሎም የሜምፊስ ቀጠና ነበረች። በ1979 እዚህ አዳራሽ ውስጥ የሆነውን ያወቅሁት አንብቤ ነው። ጄሪ ሎለርና ቢል ዳንዲ ከላሪ ላታምና ከዌይን ፋሪስ ጋር ገጠሙ። ግጥሚያው አለቀ፣ ደወል ተደወለ፤ ድብድቡ ግን ከሪንግ ወጥቶ ምግብ መሸጫው ውስጥ ገባ። የሰናፍጭ ማሰሮ ይወረወራል፣ መደርደሪያ ይወድቃል። የቴሌቪዥን ካሜራ ተከትሎ ገብቷል። ሰውዬው በቦታው እንደነበረ ማለልን። ልጅ ነበር። ቦሶቹ በአጠገባቸው ሲያልፉ አያቱ የኮፍያዋን መርፌ ይዛ እንደተነሳችና አባቱ በቀሚሷ ጎትቶ እንዳስቀመጣት እየሳቀ ነገረን። "ሰናፍጩ ለሳምንት ይሸት ነበር" አለ። ባለመኪናው "እውነት ነበር እንዴ?" ብሎ ጠየቀው። ሰውዬው እጁን በጨርቅ ጠረገ። "ሰናፍጩማ እውነት ነው" አለ።

ሜምፊስ የገባነው ጨልሞ ነው።

እሑድ፦ ሜምፊስ

96 ዶላር ሆቴል፣ ዋፍል ራስህ የምትጋግርበት ቁርስ ያለው።

ሜምፊስ ላይ ሬስሊንግ የሳምንት ኑሮ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ከቴሌቪዥን ጣቢያ 5 ስቱዲዮ በቀጥታ ይተላለፋል፣ አንድ ሰዓት ተኩል። ከአስተዋዋቂዎቹ አንዱ ዴቭ ብራውን የጣቢያው የአየር ጠባይ ዘጋቢ ነው። አስቡት፤ ዝናቡንም ድብድቡንም የሚነግርህ አንድ ሰው ነው። ስቱዲዮው ውስጥ ጠብ ይነሳል፤ ሰው የጠቡን መጨረሻ ለማየት ሰኞ ማታ ትኬት ቆርጦ ሚድ ሳውዝ ኮሊሲየም ይገባል። ሳምንት ሳይዘል፣ ለዓመታት።

ኮሊሲየሙ ክብ ነው፣ ነጭ ነው፣ ታጥሯል። ከ1964 ጀምሮ ሠርቶ በ2006 ተዘግቷል። ቢትልስ በ1966 ዘፍነውበታል፣ ኤልቪስም በ1974። በአጥሩ ዙሪያ በእግራችን ሄድን። ባለመኪናው ይህን ጊዜ ወርዷል። የትኬት መስኮቶቹ ከሩቅ ይታያሉ። በስንጥቁ ሣር ወጥቷል። ለግማሽ ሰዓት ያህል ከአንድ ድመት በቀር ማንም አላየንም።

አንዲ ካውፍማን የተባለው የቴሌቪዥን ኮሜዲያን በሚያዝያ 1982 ከጄሪ ሎለር ጋር የገጠመው እዚህ ነው። የደቡብን ሰው በሳሙና አጠቃቀም እያስተማረ ሲያበሽቅ ከርሞ ነበር። ሎለር ገልብጦ በጭንቅላቱ ተከለው። ካውፍማን የአንገት ድጋፍ አጥልቆ ከረመ። በሐምሌ ዴቪድ ሌተርማን ፕሮግራም ላይ ተገናኝተው ሎለር በጥፊ አጮለው። አገሩ ሁሉ አመነ። ሁለቱ ተስማምተው እንደሠሩት በይፋ የታወቀው ካውፍማን ከሞተ ከዓመታት በኋላ ነው። እንደ ቲም ዉድስ ሁሉ አፋቸውን ይዘው ኖሩ።

ለእኔ ግን የሜምፊስ ትልቁ ሰው ስፑትኒክ ሞንሮ ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ ኮሊሲየሙ ሳይሠራ፣ ግጥሚያው ኤሊስ አዳራሽ ነበር። ጥቁሮች የሚቀመጡት ላይኛው ሰገነት ላይ ብቻ ነው። ሞንሮ ነጭ ነው፣ ቦስ ነው። ቢል ስትሪት በሚባለው ጎዳና ላይ ከጥቁሮች ጋር ይጠጣል፣ ፖሊስም ለዚህ ይይዘዋል። ጥቁሮቹ እሱን ለማየት ሲጎርፉ "የፈለጉበት ካልተቀመጡ አልገጥምም" አለ። አዘጋጁ ቢያሰላው ብሩ ይበልጥበታል። ተፈቀደ። ሕግ ሳይሆን የትኬት ሽያጭ ነው በሩን የከፈተው።

ቢል ስትሪት ሄደን ምሳ በላን። እዚያ ጥብስ ማለት የአሳማ ጎድን ነው። እኛ ዶሮ አዘዝን። አስተናጋጇ ሁለቴ ጠየቀችን፣ ተሳስተን መስሏት።

ማታ ለባለመኪናው ያቆየሁለትን ነገር አወጣሁ። አንደርቴከር በ1989 እዚህ ቀጠና በሌላ ስም ሎለርን አሸንፏል። ዘ ሮክ በ1996 "ፍሌክስ ካቫና" ተብሎ እዚህ ሠርቷል። ስቶን ኮልድ "ኦስቲን" የሚለውን ስም ያገኘው ሜምፊስ ነው፤ ክፍያው ከማነሱ የተነሳ ድንች እየበላ እንደኖረ ራሱ ያወራል። ባለመኪናው ስልኩን አስቀምጦ ተነስቶ ተቀመጠ። "ፍሌክስ ምን?" አለ። የሜምፊሱ ኩባንያ በ1997 ተዘጋ። ከተረፉት መጨረሻ አካባቢ ነበር።

ሰኞ፦ ዳላስ

ሊትል ሮክን፣ ቴክሳርካናን አልፈን ሰባት ሰዓት ያህል ነዳን። አርካንሳስ የሚወራ አልሰጠችኝም።

ስፖርታቶሪየም የሚባለው አዳራሽ ከመሀል ከተማው በስተደቡብ፣ ካዲዝ ጎዳና ላይ ነበር። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ በበጋ እቶን፣ በክረምት ማቀዝቀዣ። በ2003 ፈረሰ። የፍሪትዝ ቮን ኤሪክ ቀጠና ቤት ነበር። ልጆቹ በሮክ ሙዚቃ ታጅበው፣ ኬቨን ደግሞ ጫማ ሳያደርግ፣ ሲገቡ ሴቶች ይጮኹ ነበር። ፕሮግራማቸው እስራኤል ድረስ ይታያል። በግንቦት 1984 ልጁ ኬሪ ቴክሳስ ስታዲየም ላይ ሪክ ፍሌርን አሸንፎ ቀበቶውን ሲወስድ ከ30 ሺህ በላይ ሰው ነበር። ቀኑ የወንድሙ መታሰቢያ ነው፤ ዴቪድ በዚያው ዓመት የካቲት ቶኪዮ ሆቴል ውስጥ ሞቶ ተገኝቷል፣ በ25 ዓመቱ። ከዚያ ማይክ በ1987፣ ክሪስ በ1991፣ ኬሪ በ1993፤ ሦስቱም በገዛ እጃቸው። ታላቃቸው ገና በስድስት ዓመቱ ነው የሞተው። ከስድስት ወንድማማቾች የተረፈው ኬቨን ብቻ ነው። ይህን ለባለመኪናው በቀልድ መንገር አልቻልኩም።

ሌሎቹም ቀጠናዎች በእነዚያ ዓመታት አንድ በአንድ ወደቁ። ክሮኬት ከመክማን ጋር እሽቅድምድም ገጥሞ አውሮፕላን ገዛ፣ ቢሮውን ወደዚህ ወደ ዳላስ አመጣ፣ ብሩ አለቀ፤ በኅዳር 1988 ለተርነር ሸጠ። የተርነሩንም መክማን በ2001 ገዛው።

ካዲዝ ጥግ ላይ መኪናውን አቆምን። አዳራሹ የለም። ምልክት ቢኖር ብዬ ዞርኩ፣ አላየሁም። "ስቶን ኮልድ ሬስሊንግ የተማረው እዚህ ነው" አልኩት። ባለመኪናው ወርዶ ትንሽ ቆመ። ከዚያ "ፎቶ አንሳኝ" አለ። ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ምንም በሌለበት፣ አክተሩ ሲያሸንፍ እንደሚያደርገው። ሦስት ፎቶ አነሳሁት። በአንዱ ዓይኑን ጨፍኗል፤ እሱን ነው ፕሮፋይሉ ያደረገው።

ያደርነው ጋርላንድ፣ እህቱ ቤት ነው። ክትፎ ተሠርቶ ጠበቀን። በማግስቱ አውሮፕላን ጣቢያ ወሰደኝ። ትኬቱን እንደቃሉ ከፍሏል። የጎማውን ግማሽ፣ 32 ዶላር ከ50፣ ግን እስካሁን አልላከልኝም።